በረንዳችሁን ተቀምጣችሁ ለኩት

ሐዋሳ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ፕላን ሊያሠራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነግረኝ የመኝታ ክፍሎቹን ብዛት ነው። ቀጥሎ ሳሎኑን። ቀጥሎ ማድ ቤቱን፣ ሰርቪሱን፣ የመኪናውን ቦታ። በረንዳ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ከፊት ለፊት በረንዳ ቢጤ ታወጪለታለሽ» ይሉኛል። በቃ። ቤቱ አልቆ ሲገቡበት ግን ኑሮው ሁሉ እዚያው ነው። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላል። እንግዳ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ልጆች እዚያ ያጠናሉ፣ ምስር የሚለቀመው እዚያ ነው፣ ሽንኩርት የሚከተፈውም እዚያ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው አላውቅም።

ስለዚህ ለደንበኞቼ በአፍ የምነግረውን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው። ስለ በረንዳ፣ ስለ ሃንድሬል (በበረንዳና በደረጃ ዳር ስለሚቆመው መደገፊያ) እና ስለ ግቢ መቀመጫ።

ከሁሉ በፊት የምለው ይህን ነው። በረንዳ ላይ ሰው ይቀመጣል። ስለዚህ ልኩ ሁሉ ከተቀመጠ ሰው መነሣት አለበት። እኛ ግን ፕላኑን ቆመን እናያለን፣ ግንበኛውም ቆሞ ይለካል፣ ባለቤቱም ቆሞ «ያምራል» ይላል።

እናቴ ቡና የምታፈላው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። በርጩማዋ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። እዚያ ላይ ስትቀመጥ ዓይኗ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይሆናል። አሁን ፎቅ ላይ ያለ በረንዳ አስቡ። ዙሪያውን አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ድፍን የብሎኬት መከለያ አለው፤ በከተማችን በብዛት የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው። እናቴ እዚያ ብትቀመጥ ሰማዩን ታያለች። ከሐይቁ ማዶ ያሉትን ተራሮች አናት ታያለች። ውሃው ግን አይታያትም፣ ምክንያቱም ሐይቁ ከዓይኗ በታች ነው ያለው። ለቦታው ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጡት ሐይቅ ያያል ተብለው ነው፤ ሐይቁን የሚያየው ግን ለመነሣት ሲል የቆመ ሰው ብቻ ነው።

እኔ ለፎቅ በረንዳ የምመርጠው እንዲህ ነው። ከታች 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ድፍን ግንብ። እሱ ዝናብ ሲረጭ ይከላከላል፣ ኳስና ሲኒም ተንከባሎ ታች ያለ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ይይዛል። ከዚያ በላይ ቀጥ ቀጥ ያለ ቀጭን ብረት። የላይኛው መያዣ ደግሞ ከወለሉ 1.10 ሜትር ላይ። ብዙ ሰው 90 ሴንቲ ሜትር ይበቃል ይለኛል፣ ዝቅ ሲል እይታው ይከፈታል ብሎ ያስባል። በርጩማ ላይ ላለ ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው። 90 ላይ ያለ ቱቦ ሐይቁን መሃል ለመሃል ይቆርጥበታል። 1.10 ላይ ሲሆን ከዓይኑ በላይ ያልፍና ውሃው በብረቶቹ መካከል ሙሉ ሆኖ ይታያል። ደኅንነቱም በዚያው ይጨምራል። እንግሊዞች በሕንፃ ደንባቸው ለበረንዳ መከለያ የሚጠይቁት ቁመት ይኸው 1.10 ሜትር ነው። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበላል፤ ግን ወለሉ ከመሬት 76 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ጀምሮ መከለያ ያስገድዳል። ይህ ሁለተኛው ቢለመድልን ደስ ይለኛል። አምስት ደረጃ ወጥቶ የሚገባበት በረንዳ ምንም መከለያ ሳይኖረው ልጅ የሚሮጥበት ቤት ሞልቷል።

በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። የሁለቱም አገር ደንብ በዚህ ይስማማል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ ማለፍ የለበትም ይላሉ። የትንሽ ልጅ ሰውነት በሰፊ ክፍተት ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊያዝ ስለሚችል ነው። በያጁ ብረት ለመቆጠብ 15 ሊያደርገው ይፈልጋል። እሺ አትበሉ።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ላንሣ። በቅርብ ዓመታት በአግድም የተደረደረ ቱቦ በጣም ተወዷል። ስቴንለስ ሆኖ ሲያብረቀርቅ እውነትም ያምራል። አንድ የምከታተለው ቤት ላይ በያጁ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አግድሙን ሊጀምሩ ብረት እየቆረጡ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ቀጥ ያለ ነበር እኮ» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ አሁን ሰዉ ሁሉ የሚያሠራው አግድሙን ነው። ቀጥ ያለው የድሮ ቤት ያስመስላል» አሉኝ።

«የሁለት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ነው። አግድሙ ለእሱ መሰላል ነው።»

ብረቱን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ያመጡት ሐሳብ ከእኔ ንድፍ በለጠ። ቀጭኖቹን ብረቶች ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሯቸው። በአንድ ጥንድ ሁለት ብረቶች መካከል 3 ሴንቲ ሜትር፣ ከአንዱ ጥንድ እስከ ሌላው 9 ሴንቲ ሜትር። ያው ቀጥ ያለ ብረት ነው፣ ግን ምት አለው፤ ከመንገድ ሲያዩት የታሰበበት ነገር መሆኑ ያስታውቃል። አሁን ለሌሎችም ይህን አስተካክዬ እሥልላቸዋለሁ።

ጫፉ ላይ ጦር የሚመስል ሾጣጣ ብረት ያለው መከለያ ግን በረንዳ ላይ አልወድም። ለአጥር ይሁን። በረንዳ ላይ ሰው ይደገፋል፣ ልጅ አገጩን ያስቀምጣል። መስታወት የሚፈልጉም አሉ። እይታው ንጹሕ ነው፣ አልክድም። ግን ሲሰበር የማይበታተነው ዓይነት መሆን አለበት፣ በየጊዜውም ይወለወላል። በሐይቁ አካባቢ አመሻሹ ላይ የሚወጣው ትንኝ አንድ ምሽት ብቻ ቢያርፍበት ጠዋት ላይ ታዩታላችሁ።

ስለ ብረቱ ጥራት ጥቂት ልበል፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አምስት ስድስት ዓመት የሆነው ቤት ሂዱና የሃንድሬሉ ቋሚ ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከላይ ቀለሙ ደኅና ነው። ከታች፣ ልክ ሲሚንቶው ጋ ሲደርስ፣ ቀለሙ ተነፍቷል። በጥፍራችሁ ስትነኩት ይፈረፈራል፣ ከሥሩ ቡናማ ዱቄት አለ። ከዚያ ተነሥቶ ሴራሚኩ ላይ የወረደ የዝገት መስመር ታያላችሁ። ቋሚውን ይዛችሁ ነቅነቅ ስታደርጉት ይንቀሳቀሳል። ሰው የሚደገፈው እዚያ ላይ ነው።

ምክንያቱ ውሃ ነው። ቱቦላሬ የምንለው የሃንድሬሉ ብረት ውስጡ ባዶ ነው። ጫፉ ካልተደፈነ ዝናብ ከላይ ይገባና ታች ይጠራቀማል። ከውስጥ ሲበላው ከውጭ አይታይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቋሚ አናቱ በላሜራ ተበይዶ ይዘጋ። እግሩ ደግሞ ሴራሚኩን በስቶ ሲሚንቶ ውስጥ ከመቀበር ይልቅ በሶሌታው (በኮንክሪቱ ወለል) ጎን በኩል፣ በወፍራም ጠፍጣፋ ብረትና በቡሎን ቢታሰር ይሻላል። ያኔ ወለሉ አይበሳም፣ ውሃም ወደ ታችኛው ክፍል ኮርኒስ አይሰርግም። በረንዳውም በዚያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ለቋሚው 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነውን ግዙ፣ በየ1.20 ሜትሩ አንድ ይቁም። ስሱ ብረት ርካሽ ነው፣ ግን ሲበየድ ይቀልጣል፣ በያጁም ፈርቶ ላይ ላዩን ይነካካዋል።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሄዳችሁ እዩት። ቀለም ሁሉን ይሸፍናል። ብየዳው ዙሪያውን መሆን አለበት፣ ነጥብ ነጥብ ብቻ ከሆነ ይመለስ። ብየዳው ላይ የቀረው ቅርፊት በመዶሻ ተመትቶ ይውጣ፣ በሞላ (በመፍጫ ማሽን) ይታሸት፣ ከዚያ አንቲረስት የሚባለው የዝገት መከላከያ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ቀለም። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረትም ቢሆን በተበየደበት ቦታ ዚንኩ ተቃጥሎ ይለቃል፣ ስለዚህ እዚያም አንቲረስት ያስፈልጋል። ቀሪውን ክፍያ ከዚህ በኋላ ስጡ።

አሁን ወደ ስፋቱ። 1.20 ሜትር የሆነ በረንዳ መተላለፊያ ነው። ወንበር ስታስቀምጡ 60 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። እግር ሲዘረጋ ሌላ 50። ረከቦቱ የት ይቀመጥ? ከሰሉ የት ይሁን? ሰው በየት ይለፍ? ቡና ዙሪያ ሲቀመጥ ነው ቡና የሚሆነው፣ መስመር ሠርቶ የሚጠጣ ቡና ጨዋታ የለውም። ዙሪያ ለመቀመጥ ጥልቀቱ ቢያንስ 2.50 ሜትር ይሁን። ቦታ ካጠረ ርዝመቱን ቀንሱ። 1.20 በ9 ከሚሆን 2.50 በ4 ይሁን፤ ሲሚንቶውም ሴራሚኩም ትንሽ ያንሳል እንጂ አይጨምርም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ጎረቤት ለጎረቤት ሲጠራራ፣ የሲዳማ ባህላዊ ምግብ ቡርሳሜ ቀርቦ ሰው ሲከብ፣ የዚህ ጥቅሙ ያኔ ይገባችኋል።

ሐዋሳ ላይ ትልቁ ጥያቄ ግን ፀሐይ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ሐይቅ የሚያይ በረንዳ ማለት የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ማለት ነው። ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ብዙ ሰው ጣሪያውን ባስረዝመው ይበቃል ይላል። እስቲ እንየው። የጣሪያው ጠርዝ 2.60 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ወደ ውጭ 2 ሜትር ወጥቷል እንበል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በጣም ዝቅ ስለምትል ጣሪያው ግድግዳው ላይ የሚያጠላው ከ1.80 ሜትር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ በታች፣ የተቀመጠውም የቆመውም ሰው፣ ፀሐይ ላይ ነው። ጣሪያ የቀትር ፀሐይን ይከላከላል። የምዕራብ ፀሐይን የሚከላከለው ቆሞ የሚጋርድ ነገር ነው።

እኔ የምወደው የቀርከሃ መጋረጃ ነው። ከሲዳማ ደጋ፣ ከሁላ ወረዳ በኩል፣ ጥሩ ቀርከሃ ይወርዳል። የሲዳማ ሰው ቤቱን በቀርከሃ ሲሸምን ኖሯል፣ ሙያው እዚሁ አለ። ተሰንጥቆ የተሸመነ፣ ተጠቅልሎ የሚወጣና የሚወርድ መጋረጃ በሁለት ኮለን መካከል ታሰቅላላችሁ። 9 ሰዓት ላይ ታወርዱታላችሁ፣ 12 ሰዓት ሲቃረብ ትጠቀልሉትና ጀንበሯ ሐይቁ ላይ ስትገባ ታያላችሁ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስም በሽመናው መካከል ያልፋል፤ ጨርቅ ወይም ሸራ ብታደርጉ ነፋሱንም ትዘጉታላችሁ። ቀርከሃ ሲገዛ ግን ያልበሰለ እንዳይሆን ጠይቁ። ለጋው ቀርከሃ ስኳርና ስታርች ስላለው ነቀዝ ቶሎ ይገባበታል። ሦስት ዓመት ያለፈው፣ በበጋ የተቆረጠው፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የደረቀው ይቆያል። ለመደገፊያ ግን ቀርከሃ አታድርጉ፤ ሸክሙን ብረት ይሸከም፣ ቀርከሃው ይጋርድ።

አቅሙና ቦታው ያለው ሰው ሁለት በረንዳ ቢያወጣ ይመረጣል። በምሥራቅ በኩል ለከሰዓት ቡና፣ በምዕራብ በኩል ለምሽት። የምሥራቁ ከ7 ሰዓት በኋላ የቤቱ ጥላ ያርፍበታል። ለሰሜንና ለደቡብ ያን ያህል አትጨነቁ። እኛ ጋ ፀሐይ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ በመካከሉ ባሉት ወራት በሰሜን በኩል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ሁለቱም ጎን ተራ ይደርሰዋል፣ ቀትር ላይ ግን ከፍ ስለምትል አንድ ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ብዙውን ይሸፍናል።

ወለሉ ላይ ረጅም አላወራም። የሚያንሸራትት የሳሎን ሴራሚክ በረንዳ ላይ አታንጥፉ፤ ክረምት ላይ ውሃ ሲነካው አዛውንት ይጥላል። ሸካራውን ምረጡ። በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል። ከሳሎኑ ወለል ዝቅ ብሎ ይጀምር፣ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ አለበለዚያ ነፋስ የገፋው ዝናብ በበሩ ሥር ይገባል። የሶሌታው ጠርዝ ከሥሩ ጎድጎድ ያለ መስመር ይኑረው፣ ውሃው እዚያ ደርሶ ይንጠባጠባል፣ ግድግዳውን እየላሰ አይወርድም። የጣውላ ወለል የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ በሐይቁ ዳር ያሉ መዝናኛዎች ላይ አይተው። ያምራል። ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ምስጥም አለ። ከፈረሰ ቤት የወጣ ደረቅ ጽድ ካገኛችሁ እሱ ጥሩ ነው፣ ምስጥ አይደፍረውም። በጣውላዎቹ መካከል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ ከሥሩም አየር ይለፍ። የቡና ከሰል የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ድንጋይ ይነጠፍ።

ከመከለያው ጋር የተያያዘ የግንብ መቀመጫ መሬት ላይ ላለ በረንዳ በጣም እመክራለሁ። ወንበር ይቆጥባል፣ እንግዳ ሲበዛ ይዘረጋል። ፎቅ ላይ ግን አይሁን። ልጅ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለው መቀመጫ ላይ ይቆማል፤ 1.10 የነበረው መከለያ ከእግሩ በላይ 65 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። የአበባ ሣጥንም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ጦጣዎቹን የሐይቁ ዳር ሰፈር ሰው ያውቃቸዋል። ሃንድሬሉ ለእነሱ መንገድ ነው፣ ሙዝና ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ወደ ቤት አትግቡ። መብራቱ ከመቀመጫው ራቅ ይበል፣ ቢጫማ ይሁን፤ ነጩ ትንኝ ይጠራል። በአበባ ማስቀመጫ ሥር ውሃ አታጠራቅሙ፣ የወባ ነገር አለና።

ደረጃው ላይ ያለውን ሃንድሬል ለብቻው አስቡበት። ሰፊ እብነበረድ አናቱ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ለዓይን ጥሩ ነው፣ እጅ ግን አይጨብጠውም። የእናቴ ጉልበት ከታመመ ወዲህ ይህን በደንብ አይቻለሁ። ስትወርድ መዳፏን ትዘረጋለች፣ የምትጨብጠው ከሌለ ግድግዳ ትፈልጋለች። 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ቱቦ፣ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ የታሰረ፣ ጣት ዙሪያውን ይይዘዋል። መጀመሪያው ደረጃ ላይ አይጀምር፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጀምር። መጨረሻውም ላይ እንዲሁ ያልፍ።

ግቢውንም ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ አትድፈኑ። ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ሲነጠፍ ውሃ ያሳልፋል፣ የተበላሸውን ነቅሎ መተካትም ይቻላል። አንድ የአቮካዶ ወይም የማንጎ ዛፍ በምዕራብ በኩል ተክሉ፣ ከበረንዳው ጥቂት ሜትር አርቃችሁ። የፓሽን ፍሩት ሐረግም በሽቦ ላይ ቶሎ ይወጣል፣ ዛፉ እስኪደርስ ያጠላል።

ደግሞ ለድንኳን ቦታ ተዉ። ሠርግም ሐዘንም ግቢያችን ውስጥ ነው የሚያልፈው። ችካል ኮብልስቶን ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ሰው የድንኳኑን ገመድ የበረንዳው ሃንድሬል ላይ ያስራል። ሃንድሬል ለዚያ ዓይነት ጉተታ አልተሠራም፣ ነፋስ ሲነሣ ቋሚውን ከሥሩ ያላቅቀዋል። በግቢው ዙሪያ፣ ድንኳኑ ይተከላል ብላችሁ በምታስቡበት ልክ፣ ከወፍራም ፌሮ የታጠፉ ቀለበቶች በኮንክሪት ይቀበሩ። አናታቸው ከድንጋዩ እኩል ይሁን፣ እግር እንዳይመታቸው። ለግንበኛው ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ንገሩት፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።